ግንቡ ዘበኛ አለው፤ የሱቁን ታሪክ ማን ይጠብቃል?



ሰሞኑን ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንድ የቤት ሥራ ሰጥተን ነበር። "ስለ አንድ ታሪካዊ ቤት አንድ ገጽ ጻፉ" የሚል ነው። በነጋታው ደብተሮቹን ሰብስበን ስናይ ግማሹ ስለ ፋሲል ግንብ፣ ሌላው ስለ አክሱም፣ ጥቂቶቹ ደግሞ በስልክ ስላዩት የግብፅ ፒራሚድ ጽፈዋል። አንዲት ልጅ ብቻ አያቷ በጎንደር ፒያሳ ይሠሩበት ስለነበረ ሱቅ ጽፋ መጣች። "ፊቱ ላይ ምሰሶ ያለው በረንዳ አለ። ዝናብ ሲመጣ የማይገዛውም ሰው እዚያ ይቆማል" ይላል አንዱ መስመሯ። ጮክ ብላ ስታነብ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። "ቲቸር፣ ሱቅ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?" አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ።

ጥያቄው የልጅ ነው፤ መልሱ ግን ቀላል አይደለም። እኛም በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ታሪክ ብለን የሸመደድነው የነገሥታትን ስምና የጦርነቶችን ዓመተ ምሕረት ነው። ስለ ሱቅ ያስተማረን የለም። እውነቱን ለመናገር ልጁ ሲጠይቀን ወዲያው የምንመልሰው አጣን። ስለዚህ በዚህ እትም ለልጁም ለራሳችንም መልስ እንዲሆን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

መጀመሪያ ደጃችንን እንይ

ኡም ጋርጉር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እንግዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖታል ማለት ነው። መጀመሪያ የመጡት ሰዎች እንደሚነግሩን ሱቅ የሚባለው ነገር አራት እንጨት ተተክሎ ሳር የለበሰ ራኩባ ነበር። ሻይ፣ ስኳር፣ ክብሪት፣ ሳሙና፤ በቃ። ከዚያ የጭቃ ግድግዳ መጣ፤ ከዚያ ዚንክ መጣ፤ ከዚያ መቆለፊያ ያለው የብረት በር መጣ። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል።

ታዲያ እስቲ በገበያው መሀል ቁሙና አንድ ወጣት ጠይቁ። የመጀመሪያው ወፍጮ የት ነበር? ማን ተከለው? መጀመሪያ ዳቦ የጋገረው ማን ነው? እኛ ጠይቀን ነበር። አብዛኞቹ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆነው ነገር እንዲህ ከጠፋ፣ መቶ ዓመት የሆነው እንዴት ሊሆን ነው?

በሱቅ ስም የተጠራች ከተማ

ለዚያ ልጅ የመጀመሪያው መልስ ሩቅ አይደለም፤ ገዳሪፍ ነው። ለሆስፒታል፣ ለጉዳይ፣ ለቀን ሥራ የምንመላለስባት ከተማ በድሮ ዘመን "ሱቅ አቡ ሲን" ትባል ነበር። አቡ ሲን የሹክሪያ ጎሣ መሪዎች የነበሩት ቤተሰብ መጠሪያ ነው። እንግዲህ ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከግንብ ወይም ከምሽግ ሳይሆን ከገበያ ነው። ሱቅ ታሪክ የለውም የሚል ሰው ገዳሪፍን ምን ሊላት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1928 ከከሰላ የመጣው የባቡር ሐዲድ ገዳሪፍ ደረሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እስከ ሰናር ቀጠለ። የባቡር ጣቢያ ያለበት ቦታ መጋዘን ይፈልጋል፤ መጋዘን ያለበት ቦታ ጅምላ ነጋዴ ይመጣል፤ ጅምላ ነጋዴ ካለ ቸርቻሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሻይ ቤቱ ይከተላል። ሱዳናውያኑ ብቻ ሳይሆኑ የግሪክ ነጋዴዎችም እዚህ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ እርሻ ሲጀመር ደግሞ ሰሊጡና ማሽላው ገበያውን አሳደገው። ከሩቅ የምናየው ያ ረጅሙ የእህል ጎተራ፣ ሲሎው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ተሳትፎ የተሠራ ሲሆን 100 ሺህ ቶን እህል እንዲይዝ ታስቦ ነው። ብዙዎቻችን ለሰሊጥ አጨዳ ስንሄድ የምናልፈው በዚህ ሁሉ ታሪክ መሀል ነው፤ ግን ማን ዞር ብሎ ያያል? ሆድ ሲርብ ዓይን ዳቦ ላይ ነው።

በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 የካርቱም - ፖርት ሱዳን አስፋልት ሲያልቅ ጭነቱ ከባቡር ወደ መኪና ዞረ። መንገዱ ሲዞር ገበያውም ፊቱን ያዞራል። በየትም አገር የገበያ ቤቶች የሚያረጁት በዝናብና በፀሐይ ብቻ አይደለም። ደንበኛው በሌላ መንገድ መሄድ ሲጀምር ነው ማርጀት የሚጀምሩት።

ሳር ቤቱ ጠፍቶ ጽሑፉ ቀረ

ከገዳሪፍ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ ገላባትንና መተማን አልፎ ጎንደር ይገባል። ይህን መንገድ ከእኛ መሀል በእግሩ የቆረጠው ብዙ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ግን መንገዱ የነጋዴ ነበር። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ በቅሎ ይወርዳል፤ መናገሩ ቢያሳፍርም በባርነት የሚሸጥ ሰውም ይወርድ ነበር። ከዚህ ደግሞ የጥጥ ጨርቅና የማሪያ ቴሬዛ ብር ይወጣል። መተማ በድንበሩ ላይ ካሉት ገበያዎች ሁሉ ትልቁ ነበር።

ከዚያ ገበያ ዛሬ የቆመ ሱቅ ፈልጋችሁ አታገኙም። ቤቶቹ የሳርና የእንጨት ነበሩ። በ1881 ዓ.ም. መጋቢት ወር አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበት ጦርነትም እዚያው ነው የተካሄደው። ታዲያ ስለ ገበያው እንዴት አወቅን? እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ ያለፈውን እንግሊዛዊ ሳሙኤል ቤከርን የመሳሰሉ መንገደኞች ያዩትን ስለጻፉ ነው። ቤቱ ጠፋ፤ ጽሑፉ ቀረ። የጻፉት ግን የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የሸጠው የአገሬው ሰው ምን እንደሚያስብ አልተጻፈም።

የጎንደር ፒያሳ

አሁን ወደ ተማሪያችን ሱቅ እንምጣ። ጎንደርን አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ሲቆረቁሯት ጀምሮ የንግድ ከተማ ናት። እስላም ነጋዴዎቿ እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን ተለይተው እንዲሰፍሩ ተደርጎ አዲስ ዓለም የሚባለው ሰፈር የእነርሱ ሆነ። የሩቅ አገሩን ንግድ በብዛት የያዙት እነርሱ ነበሩ። የቅዳሜ ገበያም ስሙን እስከዛሬ ይዟል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው ከተማዋን ሲያቃጥሉ ግን ብዙ ነገር ወደመ።

ዛሬ ፒያሳ የምንለው ክፍል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የጣሊያን ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጎንደርን የአማራ ግዛት ብሎ ላቋቋመው አስተዳደር ዋና ከተማ አደረጋት። ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል አርክቴክት ፕላን አወጣ። ከፋሲል ግንብ በስተሰሜን መንገድ ተቀየሰ፤ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ሱቆቹ፣ ከላይ በኩል ደግሞ የሹማምንቱ መኖሪያ ተሠሩ። ጣሊያኖቹ የቆዩት አምስት ዓመት ተኩል ነው። ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር የመጨረሻው ይዞታ ይኸው ነበር።

የፒያሳን ቤቶች ያየ ሰው ይረሳቸዋል ብለን አናምንም። ማዕዘናቸው ሹል ሳይሆን ክብ ነው። ግድግዳቸው ልስን ነው፤ ጌጥ አያበዙም። አንዳንዱ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ ነው። በረንዳውም ለውበት ብቻ አይደለም። ጥላው ዕቃውን ከፀሐይ ያድናል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ መንገደኛውን ያስጠልላል፤ የተጠለለው መንገደኛ ቆሞ ዕቃ ያያል፤ ያየ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ይገዛል። ተማሪያችን በአንድ መስመር የጻፈችው ይህንኑ ነው። ሳታውቀው የሱቁን አሠራር ነግራናለች።

ቃላቱም ከቤቶቹ ጋር ቀርተዋል። ፒያሳ፣ ባንኮኒ፣ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ማኪያቶ፤ ምን አለፋችሁ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። እዚህ ካምፕ ውስጥ ተወልዶ ጣሊያን የሚባል ሰው አይቶ የማያውቅ ልጅ እንኳ "ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው" ይላል።

"የወራሪ ቤት ነው፤ ምን ያስቆጨናል?"

ይህን የሚል ሰው ይኖራል፤ መብቱ ነው። ያ ፕላን የተሠራው ለነጩ ሌላ ሰፈር፣ ለአገሬው ሌላ ሰፈር ተብሎ ነው። የፋሺስት አስተዳደር ዘርን ከዘር የሚለይ ሕግ አውጥቶ ነበር። ይህን ሳንናገር የሕንፃውን ውበት ብቻ ብናወራ ልጆቻችንን ማሳሳት ይሆናል።

ነገር ግን ሁለት ነገር እናስብ። አንደኛ፣ አለቃው ጣሊያን ይሁን እንጂ ከአገሬው ሠራተኛ ጉልበት ውጭ የቆመ ከተማ የለም። ሁለተኛ፣ ጣሊያን በቤቶቹ የተጠቀመው አምስት ዓመት ተኩል ነው፤ እኛ ግን ከሰማንያ ዓመት በላይ። የፈረሰውን የጠገነ፣ ልጆቹን በዚያ ገቢ ያስተማረ፣ በብድር ዱቄት የሰጠ፣ በችግር ቀን ዘግቶ የሸሸ፣ ሲረጋጋ ተመልሶ የከፈተ የእኛው ሰው ነው። ታዲያ የማን ታሪክ ነው?

አዋጁና ሱቁ

የከተማ ሱቆችን ታሪክ ለሁለት የከፈለው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ መንግሥት የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሄዱ። ኪራይም ተቀነሰ። ለተከራይ ሰው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ቤት ለተወሰደበት ደግሞ መርዶ።

ለሕንፃዎቹስ? ሁለት ነገር ሆነ። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ለጥገና የሚወጣ ገንዘብ ጠፋ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ቀበሌው ተከራዩን፣ ተከራዩ ቀበሌውን ያያል። በሌላ በኩል ደግሞ አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ባለቤት ስለሌለ ብዙው ቤት እንዳለ ቆየ። ይኸው ነው የሚገርመው ነገር፤ ያረጀበትም ምክንያት፣ ሳይፈርስ የቆየበትም ምክንያት አንድ ነው።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 የጎንደርን ግንቦች በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ግንቡ አጥር አለው፣ ዘበኛ አለው፣ የመግቢያ ትኬት አለው። በቅርቡም በ2017 ዓ.ም. ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል፤ ደስ ይላል። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው ሱቅ ግን ዘበኛው ባለሱቁ ብቻ ነው።

ሌሎችስ ምን አደረጉ?

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ የኤርትራ ልጆች ስለሆኑ አስመራን ሳናነሳ ብናልፍ ቅር ትሰኛላችሁ። አስመራ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የተመዘገበው አንድ ቤተ መንግሥት አይደለም። የከተማው መሀል ከነሱቁ፣ ከነሲኒማው፣ ከነገበያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራው ፊያት ታልዬሮ እኮ ነዳጅ ማደያ ነው! ክንፉን እንደ አውሮፕላን ዘርግቶ የቆመ ማደያ። መደበር የሚባለውም ሰፈር አሮጌ በርሜልና ብረት ተቀጥቅጦ አዲስ ዕቃ የሚወጣበት የእጅ ባለሙያ ገበያ ነው። ማደያና ገበያ የዓለም ቅርስ መሆን ከቻሉ፣ "ሱቅ ምን ታሪክ አለው" ላለው ልጅ ሌላ መልስ አያስፈልገውም።

በአዲስ አበባ ደግሞ ተቃራኒውን አየን። ከአራዳ ጊዮርጊስ ሥር የነበረው የአራዳ ገበያ የከተማይቱ የንግድ ልብ ነበር። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ የአገሩ ነጋዴ ጎን ለጎን ሠርቷል። ጣሊያን ሲመጣ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ መርካቶን መሠረተ፤ አራዳውም ፒያሳ ተባለ። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎዳ። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ወር ደግሞ ለኮሪደር ልማት ተብሎ የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈረሰ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ አማረ የሚሉ አሉ፤ ሰፈራችን ጠፋ ብለው ያለቀሱም አሉ። እኛ ከዚህ ሆነን አንፈርድም። ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ከመፍረሱ በፊት ያልተጻፈው ከፈረሰ በኋላ አይጻፍም።

እዚሁ ሱዳንም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በተነሳው ጦርነት የኦምዱርማን ጥንታዊ ገበያ ተዘርፏል፣ ተቃጥሏል። ከዚያ ሸሽተው ገዳሪፍ የመጡ ነጋዴዎችን ስንሰማ የሚነግሩን ስለ ዕቃው ብቻ አይደለም። "ጎረቤቴ እገሌ ነበር፣ ፊት ለፊቴ ቅመም ሻጭ ነበር" እያሉ መደዳውን በጣታቸው አየር ላይ ይስሉታል።

የአዛውንቱ ደረሰኞች

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት የተማሪያችንን አያት ለማየት ሄድን። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቷል፤ ዓይናቸው ደክሟል። አልጋቸው ጫፍ ላይ አስቀመጡንና ቡና ታዘዘ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ፒያሳ አንድ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ በተላላኪነት ተቀጥረው እንደነበር ነገሩን። ጠዋት በሩን ይከፍታሉ፣ በረንዳውን ይጠርጋሉ፣ ጣቃውን ያወጣሉ። አዋጁ ሲወጣ የአሠሪያቸው ቤት ተወረሰ። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ሱቅ ግማሹን ራሳቸው ከቀበሌ ተከራዩት።

"ጋሼ፣ ቤቱ አሁን ይኖር ይሆን?" አልናቸው።

"እኔ ምን አውቄ። ቢኖርም የእኔ አይደለም፤ ኪራይ ስከፍል የኖርኩ ሰው ነኝ" አሉና ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ከትራሳቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የኪራይ ደረሰኞች ናቸው። ቀለሙ ደብዝዟል፤ የአንዳንዱ ማኅተም ብቻ ነው የሚታየው። አገር ለቀው ሲወጡ ልብስ ሳይዙ ይህን ይዘው ወጥተዋል።

"ለምን ያዙት?" ብለን ጠየቅን።

"ሰርቄ አልኖርኩም ለማለት ነዋ" አሉ።

ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል ትደረድር ነበር። አንዳንዱን ማንበብ ስላልቻለች አያቷን ትጠይቃለች፤ እርሳቸው ደግሞ ማየት ስለማይችሉ "ምን ቀለም ነው? ትልቅ ነው ትንሽ?" ብለው ይጠይቋታል። እንዲህ እየተጋገዙ የአሥራ አንድ ዓመት ደረሰኝ ለዩ። በየመሀሉ እርሳቸው ያስታውሳሉ፤ "እሱ ጊዜ ጨርቅ የጠፋበት ነው"፣ "እሱ ጊዜ ጣሪያው አፍስሶ ሦስት ጣቃ የተበላሸብኝ ነው"። እኛ መምህራኑ ደብተር አውጥተን እንደ ተማሪ መጻፍ ጀመርን። በመጽሐፍ ውስጥ ያላነበብነውን ታሪክ በአንድ ከሰዓት አገኘን። ስንወጣ ግን አንድ ነገር አሳሰበን። እንዲህ ያለ ስንት ሰው በዚህ ካምፕ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጧል? ስንቶቹንስ ሳንጠይቅ ቀበርን?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ጎንደር ሄደን ጣሪያ ማደስ አንችልም። አዲስ አበባም ሄደን ግሬደር አናቆምም። የምንችለው አንድ ነገር አለ፤ መጻፍ። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይባል የለ? ስለዚህ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ ተማሪዎቻችን በዚህ ወሰነ ትምህርት እያንዳንዳቸው የአንድ ሱቅ ታሪክ እንዲጽፉ ወስነናል። የአገር ቤት ሱቅ ሊሆን ይችላል፤ የገዳሪፍ ወይም የዚህ የካምፓችን ሱቅም ይሆናል። ወላጆችና አያቶች ልጆቹ ሲመጡ እባካችሁ "ሂድ ወዲያ" አትበሏቸው። የሚጠይቁት የሚከተለውን ነው።

1. ሱቁ የት ነበር? ከግራና ከቀኙ፣ ፊት ለፊቱስ ምን ነበር?
2. ከምን ተሠራ? ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ በሩ? ማን ሠራው?
3. የማን ነበር? በኪራይ ከሆነ ለማን ይከፈል ነበር?
4. ምን ይሸጥ ነበር? ዕቃው ከየት ይመጣ ነበር? በምን ተጭኖ?
5. ዱቤ ይሰጥ ነበር? ችግር ሲመጣ ምን ተደረገ?
6. መቼና ለምን ተዘጋ?

ፎቶ፣ ደረሰኝ፣ ውል፣ ንግድ ፈቃድ ያላችሁ አትጣሉት። ከዝናብና ከምስጥ ጠብቁት። ለልጁ አሳዩት እንጂ አትስጡት፤ ዋናው ወረቀት ከእጃችሁ እንዳይወጣ። ልጁ ገልብጦ ይጽፈዋል። ስማችሁ እንዲጻፍ ካልፈለጋችሁ አይጻፍም።

ያ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ በሚቀጥለው ቀን ክፍል ሲገባ ወደ ጠረጴዛችን መጥቶ "ቲቸር፣ የእናቴን የሻይ ራኩባ መጻፍ እችላለሁ?" አለን። ትችላለህ አልነው። "ግን እኮ ሳር ነው" አለ። ጻፍ አልነው፤ ሳር ስለሆነ ቶሎ ጻፍ።

ቸር ይግጠመን።